ሙሉ ጣፊያ ውስጥ ባክቴሪያ ለማየት የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ሻጮች የሚያሳዩት 3ዲ ቪዲዮ ሁሉ ያምራል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ወስኑ፤ ማየት የምትፈልጉት ባክቴሪያዎቹ የተከማቹበትን ቦታ ነው ወይስ እያንዳንዷን ባክቴሪያ?

ቦታው ከበቃችሁ ላይት-ሺት የተባለውን ማይክሮስኮፕ ግዙ። ከጎን ስስ ብርሃን እየላከ ጣፊያውን ሳይቆርጥ ንብርብር በንብርብር ያነሳል፣ ፈጣንም ነው። ጣጣው ያለው ቲሹውን ብርሃን እስኪያሳልፍ ማጥራቱ ላይ ነው፤ በተለይ ጣፊያ ደም የሞላበት ስለሆነ ያስቸግራል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አይዲስኮ የተባለ የማጥሪያ ዘዴ በደንብ ያጠራል፣ ግን ቲሹውን ያኮማትራል፣ የጂኤፍፒንም (ባክቴሪያው እንዲያበራ የሚደረግበት አረንጓዴ ፕሮቲን) ብርሃን ያጠፋል፤ ስለዚህ ባክቴሪያዎቹን በአንቲቦዲ ማቅለም ግድ ነው፣ አንቲቦዲው ደግሞ እስከ መሀል ለመዝለቅ ቀናት ይፈጃል። ሌላው የማጥሪያ ዘዴ፣ የጃፓኑ ኪዩቢክ፣ የደሙን ቀለም ያስለቅቃል፣ ጂኤፍፒንም ያተርፋል። አይዲስኮ የሚጠቀምበት ዳይቤንዚል ኢተር የተባለ ፈሳሽ ፕላስቲክና ማጣበቂያ ይበላል፤ ሌንሱ እንደሚቋቋመው ከሻጩ በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ብሆን በዳይቤንዚል ኢተር ፋንታ ኤቲል ሲናሜት እጠቀማለሁ፤ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ብቻ እንዳታስገቡት፣ ይረጋል።

አንዲት ሳልሞኔላ ግን ርዝመቷ ከ2 እስከ 5 ማይክሮሜትር ነው። ሙሉ ጣፊያ በሚያሳይ ዝቅተኛ ማጉያ እሷን ለይቶ ማየት ይከብዳል። እዚህ ላይ ቱ-ፎቶን ቶሞግራፊ የተባለው መሣሪያ ይበልጣል። ከላይ ያለውን ያነሳል፣ በውስጡ ባለው ምላጭ ስስ ሽፋን ይቆርጣል፣ እንደገና ያነሳል። ማጥራት አያስፈልገውም። የተቆረጡትንም ሰብስባችሁ በኋላ ማቅለም ትችላላችሁ። ቀርፋፋ ነው፣ ባክቴሪያውም ራሱ የሚያበራ መሆን አለበት፤ ከታማሚ የተወሰደ ናሙና ላይ ለመሥራት ካሰባችሁ አይሆናችሁም። ግን ውጤቱን ተመልከቱ፦ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንቲባዮቲክ በተሰጣቸው አይጦች ጣፊያ ውስጥ ከመድኃኒቱ የተረፉት ጥቂት ሳልሞኔላዎች በነጩ የጣፊያ ክፍል መቆየታቸውን ያሳዩት በዚሁ ዘዴ ነው። ጣፊያውን ፈጭቶ ባክቴሪያ መቁጠር ይህን በፍጹም አይነግራችሁም።

አይቪስስ (ከእንስሳው አካል የሚወጣውን ብርሃን ከውጭ የሚያነሳው ካሜራ)? እንስሳው በሕይወት እያለ ኢንፌክሽኑን በየቀኑ ለመከታተል ጎበዝ ነው። የሚለየው ግን በሚሊሜትር ደረጃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይተካም።

ከበጀቱ ላይ ለማከማቻና ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር ቀንሱ፤ ጥቂት ጣፊያዎች ብቻ ቴራባይት ይሞላሉ። መሣሪያው ሲሠራ እንዲያሳዩአችሁ ስትጠይቁም የሻጩን የአይጥ አንጎል አትቀበሉ። የራሳችሁን የታመመ ጣፊያ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ አቆይታችሁ፣ ባክቴሪያው መሞቱን በካልቸር አረጋግጣችሁ ላኩ።