ለአዲስ የተኩስ ክለብ፦ 501ሲ7 ወይስ 501ሲ3?

አሜሪካ ውስጥ ተሰባስበው የዒላማ መተኮሻ ሜዳ ለማቋቋም የሚያስቡ ሰዎች፣ መሬት ከማፈላለጋቸው በፊት ክለቡን በየትኛው መልክ እንደሚያቋቁሙ ቢወስኑ ይሻላል። 501ሲ7 እና 501ሲ3 ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ የሚያደርጉ ሁለት የአሜሪካ የግብር ሕግ ክፍሎች ናቸው።

501ሲ7 የአባላት ክለብ ነው። ገንዘቡ ከመግቢያ ክፍያና ከዓመታዊ መዋጮ ይመጣል፤ ጥይት የሚያስቀረውን የአፈር ግድብ የሚጠግነውም፣ ሣሩን የሚያጭደውም አባሉ ራሱ ነው። ዕቁብ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም። ጣጣው የውጭ ገቢ ላይ ነው፦ አባል ካልሆኑ ምንጮች የሚገኘው ከጠቅላላ ገቢው ከ35 በመቶ፣ ከዚያም ውስጥ የውጭ ሰው በሜዳው ሲጠቀም ከሚከፍለው የሚመጣው ከጠቅላላ ገቢው ከ15 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ በእንግዳ የቀን ክፍያ እንኖራለን ማለት አያዋጣም። ለክለቡ የተሰጠ ገንዘብም ከግብር አይቀነስም።

501ሲ3 የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በዚህ ለጋሹ የግብር ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ የፋውንዴሽን እርዳታም ይቀላል። ግን ሥራው እንደ ሕዝብን ማሠልጠን ያለ በጎ ዓላማ መሆን አለበት፤ አባላት ብቻ የሚዝናኑበት ሜዳ አያስኬድም። ክለቡ ቢፈርስ ደግሞ ንብረቱ ወደ ሌላ በጎ አድራጎት ይሄዳል እንጂ መሬቱን የገዙት አባላት አይካፈሉትም።

እኔ ብሆን በሲ7 እጀምራለሁ። የወጣቶች ሥልጠናው ከጠነከረ ለእሱ ብቻ ሌላ ሲ3 ማቋቋም ይቻላል። የኢንሹራንስ ወጪው ግን በሁለቱም አይቀርም።