ጎንደር ውስጥ ሰርቨር ስታክ ላደረገባችሁ

ምስጋና ለሚገባው ይድረስ! ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግነው ወንድማችን የቢሯችንን ሰርቨር ከነሙሉ ዳታው አስነሥቶልናል። እጁ ይባረክ።

ኡቡንቱ (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነት) ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደየራሳቸው ኮምፒውተር ሆነው) የሚሠሩበት ሰርቨር ነው። ፒንግ (በኔትወርክ «አለህ?» የሚለውን ጥያቄ) ይመልሳል፣ ኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያው) አያስገባም፣ ሦስቱም ማሽኖች ዝም። ቀድሞ የመጣው ባለሙያ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ዋጋ ቆረጠ። ፒንግ እየመለሰ የምን የተቃጠለ ማዘርቦርድ? ሌላው የፓወር ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶ አስነሣው፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ያው ሆነ። ሲጠራ «ፎርማት ይደረግ» አለ። የዓመታት ሰነድ ያለበትን!

ይህ ልጅ ግን መጀመሪያ ሞኒተር ሰክቶ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አነሣ። ሥራዎች ከ120 ሰከንድ በላይ እንደታገዱ የሚናገር የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) መልእክት ተደርድሯል፤ ዲስኩ ከቆመ ይህ ሎግ (የሲስተሙ መዝገብ) ላይ ላይጻፍ ይችላል። ከዚያ አልትና ፕሪንት ስክሪንን እንደያዘ ኤስን ተጫነ፣ ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያው) ላይ የቀረው ወደ ዲስክ እስኪወርድ ታገሠ፣ ከዚያ ዲስኩን ለንባብ ብቻ የሚያደርገውን ዩ፣ በመጨረሻ ሰርቨሩን ዳግም የሚያስነሣውን ቢ። ቨርቹዋል ማሽኖቹ በራሳቸው እንዳይነሡም በሬስኪው ሞድ (ለጥገና ብቻ በሚነሣበት መንገድ) ገባ።

ጥፋቱ ከሁለቱ የሬይድ 1 ዲስኮች (ያው ዳታ ሁለቱም ላይ የሚጻፍባቸው) አንዱ ነው። በስማርት (ዲስኩ ስለ ጤናው በሚይዘው መዝገብ) ምርመራው 197ኛው መለኪያ፣ ማንበብ ያቃተው ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ክፍል) ብዛት፣ ከፍ ብሏል። ፈጽሞ የሞተ ዲስክ ቢሆን ሬይዱ አውጥቶ ይጥለው ነበር፤ የሚያስቸግረው የሚያጣጥረው ነው። ተራ የዴስክቶፕ ዲስክ አንዱን ሴክተር ለማንበብ ለደቂቃ ከዚያም በላይ ይታገላል፣ ሊኑክስ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው፤ ያ ሁሉ ሲሆን ሦስቱም ማሽኖች ወረፋ ይይዛሉ።

የማልረሳው ቀጥሎ ያደረገውን ነው። የታመመውን ከሬይዱ አወጣ፣ አዲሱ ዲስክ በእጃችን እያለ ግን አላስገባም አለ። ሬይዱ ሲታደስ የቀረው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ እድሜው ከታመመው እኩል ስለሆነ እዚያው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የራሱን ኤክስተርናል ዲስክ አምጥቶ የሦስቱንም ማሽኖች ፋይል አስቀድሞ ገለበጠ። ለዚህ ተጨማሪ ብር አልጠየቀም። ከዚያ አዲሱን አስገብቶ ዲስኩ አልነበብ ካለው ሴክተር ጋር የሚታገልበትን ጊዜ 7 ሰከንድ ላይ ወሰነው።

ጎንደርም አዘዞም ያላችሁ፣ እባካችሁ እሱን ጥሩ። ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። እስኪደርስ ግን የፓወር ቁልፉን አትንኩ።