ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም ለአዳማ ሙቀት

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 እስከ 250 ዋት ይበላል። በ2016 የመጣው ስሊም ጣሪያው 165 ነው። 8 ጊጋባይት ራሙም የምስል ጥራቱም ያው ሆኖ ሙቀቱ ብቻ ቀንሷል። ግንቦት ላይ አዳማ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ለሚጫወት ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ስሊሙ ኦፕቲካል የድምፅ መውጫ የለውም፤ የድሮ ሆም ቲያትር ለሌለው ግን ምንም አይጎድልበትም።

ባለሱቁ አብርቶ ስላሳያችሁ ብቻ ብር እንዳትቆጥሩ። የእግር ኳስ ጌም አስገብታችሁ ግማሽ ሰዓት አጫውቱት። ፋኑ እንደ ጀነሬተር ከጮኸ ውስጡ አቧራ ጠጥቷል ወይም የፕሮሰሰሩ ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቋል፤ ሁለቱም ስለሚስተካከሉ ዋጋ አስቀንሱበት። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ መሰኪያው ላልቷል፤ የብየዳ ሥራ ነውና ተዉት። አናሎጉን (በአውራ ጣት የሚገፋውን) ሳትነኩት ተጫዋቹ ብቻውን የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ጆይስቲኩ ተበልቷል።

ዋናው ድክመቱ ሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ስለሆነ ይንቀረፈፋል፣ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደም ሊበላሽ ይችላል። በኤስኤስዲ (በማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) መቀየር ያዋጣል፤ ባለ 2.5 ኢንቹን ግዙ። መጀመሪያ ሴቭ ያደረጋችሁትን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ከኋላ ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ክዳን አንሱ፤ የጆይስቲኩ አራት ምልክቶች የተቀረጹበትን ብሎን ስትፈቱ ዲስኩ ከነመያዣው ተስቦ ይወጣል። ሲስተሙን ለመጫን በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ሌላ ፍላሽ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የአፕዴቱን ፋይል ያወርድና አልቀበልም ይለዋል። የሚፈለገው ከ1 ጊጋባይት በላይ የሆነው፣ እንደ አዲስ መጫኛው ፋይል ነው። ለመጫን ማብሪያውን ሁለተኛው ጢጥ እስኪል፣ 7 ሰከንድ ያህል፣ ተጭናችሁ ያዙና ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ከሆነ አያነበውም፤ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን።

ብርቱካናማ መብራት እያበራ በሬስት ሞድ (ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ተኝቶ) አታሳድሩት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ በአግባቡ አልጠፋሁም ብሎ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። ኦንላይን አካውንት ስትከፍቱ ኢትዮጵያን ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ አታገኟትም። ስለዚህ ዲስክ ይሻላል፤ ከዱባይም ከአውሮፓም የመጣ የጌም ዲስክ ይሠራል፣ ሲሰለቻችሁም ትሸጡታላችሁ።