«ሞተሩ ተቃጥሏል» ለሚላችሁ ሻጭ አሮጌውን ሞተር አታስረክቡ

በደሴና በኮምቦልቻ የምትኖሩ፣ ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ መጠን ያላቸውን በባትሪ የሚሠሩ የሪሞት ፒክአፖች የገዛችሁ ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ያገለገሉ መኪኖችን ከአዲስ አበባ እያመጣ ደሴ ውስጥ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ የእህቴን ልጅ ጨምሮ ለማውቃቸው ወጣቶች ተመሳሳይ ውል ሲያቀርብ ቆይቷል። ውሉ ላይ ላዩን ሲታይ ደግነት ይመስላል። የተሸጠው መኪና መንቀጥቀጥ ወይም አልነሳም ማለት ሲጀምር ነጋዴው መኪናውን ይቀበላል፤ መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ አውጥቶ የሞተሩን ሽቦዎች ይነካካል፤ መልቲሜትሩ ሲጮህ «ሰማችሁ፣ ሾርት አድርጓል፣ ተቃጥሏል» ይላል። ከዚያም አሮጌውን ሞተር ወስዶ በእሱ ምትክ የተወሰነ ቅናሽ በማድረግ «አዲስ» የሚለውን ሞተር ይገጥማል። ቅናሹ ከታሰበ በኋላም የሚከፈለው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ሲሶ ያህላል።

ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ሞተሮችን በመጠገን የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ስለዚህ ጩኸት በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ገበያው ላይ «ብረሽለስ» የሚባለው፣ ካርቦን (እየተፈተገ ኤሌክትሪክን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፈው) የሌለው ባለ3 ሽቦ ሞተር በውስጡ ያሉት ጥቅልሎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ከ3ቱ ሽቦዎች መካከል የትኞቹንም 2 ብትነኩ መልቲሜትሩ መጮህ ይገባዋል፤ እንዲያውም የሚያሳስበው ሳይጮህ ሲቀር ነው፣ ያን ጊዜ ጥቅልሉ ወይም ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነውና። የጥቅልሎቹ ሬዚስታንስ ከአንድ ኦም እጅግ ያነሰ በመሆኑ ተራ መልቲሜትር ጤነኛውን ጥቅልል በከፊል ሾርት ካደረገው መለየት አይችልም። መልቲሜትር የሚጠቅመው ለሌላ ምርመራ ነው፦ ሞተሩን ከፍጥነት መቆጣጠሪያው (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል ከሚቆጣጠረው ሳጥን) ሙሉ በሙሉ ከነቀላችሁት በኋላ አንዱን ጫፍ በአንዱ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ቀለም ባልነካው የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። ያን ጊዜ ከጮኸ ጥቅልሉ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል፣ ሞተሩም በእውነት ተበላሽቷል። ነጋዴው ግን ይህን ሲያደርግ ያየ ሰው አላገኘሁም። እኔ እስከተረዳሁት ድረስ ለደንበኛ የሚያሰማው ጩኸት ማንኛውም ጤነኛ ሞተር የሚያሰማው ነው፤ በዚህም ማስረጃ ሰው ገንዘቡን እንዲከፍል ማድረግ፣ በእውቀት ማነስም ይሁን ሆን ተብሎ፣ ትክክል አይደለም።

የእህቴን ልጅ ሞተር ለነጋዴው ከመመለሱ በፊት በእጄ መርምሬዋለሁ። ለዚህ ምርመራ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ አራርቃችሁ ዘንጉን በጣታችሁ አዙሩት፤ ማግኔቱ በሚፈጥረው እኩል እኩል መያዝ ምክንያት ጠቅ ጠቅ እያለ ግን ሳይከብድ ይዞራል። ቀጥሎም 2 ሽቦዎችን አነካክታችሁ በፍጥነት አዙሩት፤ አሁን ሞተሩ ራሱን እንደ ጄኔሬተር ስለሚያግድ ግልጽ የሆነ ክብደት ይሰማችኋል። ይህን በ3ቱም ጥንዶች ላይ ደጋግሙት። ክብደቱ በሁሉም ጥንዶች እኩል ከሆነ ጥቅልሎቹ ደህና ናቸው። ሽቦዎቹ ተለያይተው ሳሉ ዘንጉ ከወዲሁ ከከበደ ወይ ውስጡ ሾርት አድርጓል ወይ ኩሽኔታው ተበልቷል፤ ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ መንኮርኮሩ በጆሮ ይሰማል፣ ዘንጉንም ወደ ጎን ስትገፉት ይወላገዳል፣ ኩሽኔታ መለወጥም ሞተር ከመለወጥ እጅግ የረከሰ ነው። የልጁ ሞተር በ3ቱም ጥንዶች እኩል ነበር። ብልሽቱ የተገኘው በፍጥነት መቆጣጠሪያው በኩል ሲሆን ከ3ቱ ሽቦዎች የአንዱ ስታኞ ተሰንጥቆ ስለነበር ነው። ስታኞውን መልሶ ማቅለጥ ብቻ መኪናውን አስነሣው።

መንቀጥቀጥ ስለምን ወደ ሽቦ ሊያመለክት እንደሚችል በፋብሪካ የሠራ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ባለ3 ፌዝ የፋብሪካ ሞተር አንዱ ፌዝ ሲጠፋበት እያጉረመረመ ሳይነሣ ይቀራል፤ የሪሞት መኪናውም ብረሽለስ ሞተር አንድ ሽቦ ሲላቀቅበት እንዲሁ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ አልዞርም ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ 3ቱን ማገናኛዎች እየነቀሉ መመልከት፣ የላሉትንና የጠቆሩትን ማጽዳት፣ የስታኞ ቦታዎችን እያወዛወዙ መፈተሽ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መንቀጥቀጡ ካልቆመ ከፍጥነት መቆጣጠሪያው መውጫዎች አንዱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ የሚሻለው መንገድ ደህንነቱ የታወቀ የሌላ ሰው ሞተር ለጊዜው ማገናኘት ነው፤ እሱም ከተንቀጠቀጠ የእናንተ ሞተር ከጥፋቱ ነጻ ነው። ሴንሰር (የዘንጉን አቀማመጥ ለመቆጣጠሪያው የሚያሳውቅ) የሌለው ብረሽለስ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ለቅጽበት መደናቀፉ ግን የአሠራሩ ጠባይ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ወደ ኋላ መዞሩም እንዲሁ ብልሽት አይደለም፤ ሴንሰር በሌለው ሞተር ከ3ቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማቀያየር ያስተካክለዋል።

በዚህ ነጋዴ ዘንድ ያየሁት ሌላው ችግር ባለካርቦኑን ሞተር ብረሽለስ ብሎ መሸጥ ነው። ትራክሳስ ኩባንያ የሚያመርተውን ስላሽ የተባለ ፒክአፕ ለምሳሌ ብንወስድ አንደኛው ዓይነት ታይታን 12ቲ የተባለ ባለካርቦን ሞተር ሲኖረው፣ ሌላው ቬሊኒየን 3500 የተባለ ብረሽለስ ሞተር አለው፤ በዋጋም በጉልበትም ብዙ ይራራቃሉ። ከላይ የሚደፋው የፕላስቲክ አካል ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ችግር ይገጥማል፣ ስቲከርም በየትም ይታተማል። ስለዚህ አካሉ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ አካሉን አንሡና ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ወፋፍራም ሽቦዎች ቁጠሩ። 2 ከሆኑ ባለካርቦን ነው፣ 3 ከሆኑ ብረሽለስ ነው። ባለካርቦን መሆኑ በራሱ ነውር የለበትም፣ ለጀማሪ ልጅ በቂ ነው፤ ነውሩ በሌላው ዋጋ መሸጡ ነው።

የባለካርቦኑ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ሞተሩን ነቅላችሁ፣ ጥርሱ ከሌላው ጥርስ ጋር ሳይገናኝ በእጅ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ወይም አስራችሁ፣ በ4 ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ አገናኙት። በእኩል ድምፅ ከዞረ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በጣት ካልገፋችሁት የማይነሣ ከሆነ ግን ካርቦኑ አልቋል ወይም ካርቦኑ የሚፈተግበት መዳብ አንዱ ክፍል ሞቷል ማለት ነውና እዚህ ላይ ሞተር መለወጡ ተገቢ ነው። ይህን ምርመራ በብረሽለስ ሞተር ላይ በፍጹም አታድርጉት፤ ብረሽለስ ከባትሪ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ሳይዞር ጥቅልሉ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ባትሪውም ብዙ ጊዜ የሞተሩን ስም ያስጠፋል። መኪናው ትንሽ ከሄደ በኋላ የሚያነክስ፣ ሲያርፍ ደግሞ ተመልሶ ደህና የሚሆን ከሆነ በመጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፣ ስለዚህም የፍጥነት መቆጣጠሪያው ቮልቱ ወደዚያ ሲጠጋ ኃይል ይቀንሳል። ይህ መከላከያ በርቶ ሳለ ባለ6 ሴል 7.2 ቮልት የኒኬል ባትሪ ከተገጠመ ባትሪው ገና ኃይል እያለው መኪናው ይንተባተባል። በስላሽ ባለካርቦኑ ዓይነት ላይ ባለው ኤክስኤል-5 መቆጣጠሪያ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ መከላከያው በርቷል፣ ቀይ ከሆነ ጠፍቷል። በቀይ ሆኖ ሊፖ የተገጠመለት ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ ባትሪው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ካበጠ አትጠቀሙበት፣ ቻርጅም አታድርጉት፣ እሳት ያስነሣልና።

ወደ ሙቀቱ ስመጣ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው ሞተሩ ላይ ያለውን ትንሹን ጥርስ ፋብሪካው ከገጠመው በተለቀ ጥርስ ይለውጠዋል። በፒያሳ አስፋልት ላይ ለአጭር ርቀት ሲያስነዳችሁ መኪናው ይበራል። የደሴ መንገድ ግን አቀበት ነው፤ ልጁ መኪናውን በጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ወይም ሣርና ኮረት ባለበት ሜዳ ላይ ሲነዳው ትልቁ ጥርስ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያስጎትተዋል። በዚያ ላይ ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም፤ የሚያቀዘቅዘው አየር ግን ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብትልም የቀኑ ሙቀትና አቧራው ጥቅሙን ይመልሱታል። ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ኃይሉን ማጣት ይጀምራል፣ ያጣውንም ሲቀዘቅዝ ሙሉ በሙሉ አያገኘውም።

ማግኔቱ የደከመ ብረሽለስ ሞተር ሰውን የሚያሳስት ጠባይ አለው፦ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው ሲዞር ከጤነኛው የበለጠ ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ፍጥነቱን የሚገድበው የማግኔቱ ኃይል ቀንሷል። መሬት ሲነካ ግን ጉልበት ያንሰዋል፣ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ቶሎም ይግላል። መኪናውን በእጁ አንሥቶ ጎማውን እያስጮኸ «ፍጥነቱን እዩልኝ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ በዚህ አትርኩ። አቀበት ላይ ለ10 ደቂቃ ንዱት፣ ከዚያ ሞተሩን በጥንቃቄ ንኩት፤ ጣታችሁን ለ2 ወይም ለ3 ሰኮንድ ማሳረፍ ካልቻላችሁ ወይ ጥርሱ ትልቅ ነው ወይ ሞተሩ ደክሟል። ሻጩ ይህን ያህል ጊዜ አልሰጥም ካለ አትግዙ።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ስለ ሞተር ለውጥ መነጋገርም አያስፈልግም። የትንሹ ጥርስ ማጥበቂያ ቪቴ ላልቷል ወይም የትልቁ ፕላስቲክ ጥርስ ተልጧል። ጥርሶቹን ስታገጣጥሙ በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብታችሁ ካጠበቃችሁ በኋላ ወረቀቱን ብታወጡት ተገቢው ክፍተት ይቀራል።

«አዲስ» ተብሎ ስለሚገጠመውም ሞተር ልናገር። ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት ያመጣልኝ «አዲስ» ሞተር ዘንጉ ላይ የቪቴ ጉድጓድ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያም የተፋቀ ቀለም ነበረው። ጥርስ ተገጥሞበት የማያውቅ ሞተር ዘንጉ ላይ የቪቴ ምልክት ሊኖረው አይችልም። ከአንዱ ደንበኛ «ተቃጥሏል» ተብሎ የተወሰደ ሞተር ተጠርጎ ለሌላው እንደሚሸጥ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ነጋዴው አሮጌውን ለማስቀረት ያን ያህል የሚጓጓው፣ በእርግጥ የተቃጠለ ቢሆን ኖሮ፣ ለምን ይሆናል? የተቃጠለ ሞተር ከጥቂት መዳብ በቀር ዋጋ የለውም።

በመሆኑም ሞተር መለወጥ ግድ ቢሆንባችሁ እንኳ አሮጌውን ይዛችሁ ውጡ፤ ቅናሹ ይቅርባችሁ። መኪናውን ለጥገና ስታስረክቡ የሞተሩን ሆድ በምስማር ጫፍ ምልክት አድርጉበት፣ ፎቶም አንሡት። ክፍያውን በቴሌብርም ይሁን በጥሬ ገንዘብ ብትፈጽሙ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ፤ በደረሰኙ ላይ «የሪሞት መኪና» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፣ ባለካርቦን ወይም ብረሽለስ መሆኑ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ በሞተሩ ላይ የሚነበበው ቁጥርም እንዲሰፍር ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማችም ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሞተሩን ቀድማችሁ ያስረከባችሁም ደረሰኙ በእጃችሁ ካለና ቀኑ ካላለፈ በመጀመሪያ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ «አዲስ» የተባለውን ሞተር የዘንጉን ምልክት በሚያሳይ ፎቶ ጭምር ይዛችሁ ለከተማችሁ ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ አመልክቱ። ሞተሩን ግን ከመኪናው ላይ ነቅሎ እንዲያይላችሁ ለዚያው ነጋዴ መልሳችሁ አትስጡት።