ባዶ ፎልደር ፍለጋ፦ ፋይንድ ወይስ ኤፍዲ?

ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና ነጋዴን ሰነድ በምይዝበት ኮምፒውተር ላይ በየወሩ ፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ፎልደር ይከፈታል። ቡና ያልገባበት ቀን ፎልደሩ ባዶውን ይቀራል፤ የለቀማው ወራት ሲያልፍ ደግሞ ባዶው ከሞላው ይበልጣል። ለማጽዳቱ በሊኑክስ የትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ሁለት የፍለጋ መሣሪያዎችን ሞክሬአለሁ፦ ፋይንድ (find) እና ኤፍዲ (fd)።

አንጋፋው ፋይንድ ሳይጫን የሚገኝ ነው ማለት ይቻላል። የምወድለት አሰራረዙን ነው። ከውስጠኛው ጀምሮ ወደ ውጭ ስለሚሄድ፣ የቀኖቹ ፎልደሮች ሲጠፉ ባዶ የቀረው የወሩ ፎልደርም በዚያው ዙር ይጠፋል። የትእዛዙ ቃላት ቅደም ተከተል ግን ቀልድ አያውቅም፤ የመሰረዣው ቃል «ፎልደር» እና «ባዶ» ከሚሉት መለያዎች ቀድሞ ከተጻፈ የሞላውንም ፋይል ጠራርጎ ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ትእዛዙን ያለ መሰረዣው ቃል አስኪጄ ዝርዝሩን አነባለሁ። ቡናም ሳይለቀም አይቆላም።

ኤፍዲ ረስት በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አዲስ መሣሪያ ነው፤ ትእዛዙ አጭር ነው፣ ፍለጋውንም ጎን ለጎን ስለሚያካሂድ ይፈጥናል። ነገር ግን ካልነገሩት በቀር የተደበቁ ፎልደሮችንና ጊት (የፋይል ለውጦችን የሚከታተል ፕሮግራም) ችላ እንዲላቸው የተመዘገቡትን አልፎ ይሄዳል። ራሱ አይሰርዝም፤ ያገኘውን ለሌላ ትእዛዝ ያስረክባል፤ በዚህ ጊዜ ባዶ የሆነው የወሩ ፎልደር ሁለተኛ ዙር ይጠብቃል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የትእዛዙ ስም እንኳ ኤፍዲፋይንድ (fdfind) ነው፤ እኔም ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን አልተጫነም ብዬ ደክሜአለሁ። አሁን ለማየት ያህል ኤፍዲን እጠራለሁ፤ ለመሰረዝ ግን እጄ ወደ ፋይንድ ይሄዳል።