ባለ ሁለት፣ ባለ አራት ወይስ ሚክሰር? ቤት ውስጥ ድራም መቅዳት ለምትፈልጉ

ደሴ ያለችው ስቱዲዮዬ አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ክረምት ላይ ሥራ የለም፤ ቆርቆሮው ራሱ ድራም ይመታል። ለረጅም ጊዜ የነበረኝ ሳውንድ ካርድ (የማይክን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ) የሚቀበለው ሁለት ማይክ ብቻ ነበር። "የቱን ልግዛ?" ለሚሉኝ የምመልሰው ከዚያ ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄው፦ ምንድን ነው የምትቀዱት? ከበሮ ወይም ድቤ ከሆነ፣ እንደ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ያለ ባለ ሁለት ይበቃችኋል። ለከበሮ አንዱን ማይክ ወደ ሰፊው አፍ፣ ሌላውን ወደ ጠባቡ አዙሩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የአንዱን ፖላሪቲ (የድምፁን ሞገድ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ) ገልብጡ። ሁለቱ ማይኮች ከተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሰሙ፣ ካልገለበጣችሁ ወፍራሙ ድምፅ ሊሳሳ ይችላል።

ሙሉ ድራም ሴትም በሁለት ማይክ ይቀዳል፤ ግን ላብ ያስወጣል። እኔ የምሠራው በሲባጎ ነው። አንዱ ማይክ ከስኔሩ (ጧ ከሚለው ትንሹ ድራም) በላይ በሁለት ስቲክ (የድራም መምቻ) ርዝመት ይሰቀላል። ሌላው በድራመሩ ቀኝ ትከሻ በኩል፣ ከስኔሩ በዚያው ርቀት። ከዚያ ሲባጎውን ከኪኩ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ድራም) ወደ ሁለቱም ማይኮች እየሳብኩ ርቀቱን እኩል አደርጋለሁ። የ17 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 1000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይጠፋል። ሚዛኑ ሲያምር በጣም ያምራል። ካላማረ ግን ኪኩን ለብቻ ከፍ ማድረግ አይቻልም።

ለዚህ ነው ድራም ሴት ለሚቀዳ ሰው ባለ አራት የምለው። ለኪክ አንድ፣ ለስኔር አንድ፣ ከላይ ሁለት። እንግሊዛዊው የድምፅ ባለሙያ ግሊን ጆንስ በስሙ የሚጠራውን አቀዳድ ያሳወቀው በሦስት አራት ማይክ ነው፤ ስለዚህ አራት ማለት ትንሽ አይደለም። የቤሪንገሩ ዩኤምሲ404ኤችዲ አራት የማይክ መግቢያ አለው። እዚህ ላይ አደራ፦ ስካርሌት 4አይ4 ስሙ አራት ይበል እንጂ የሚቀበለው ሁለት ማይክ ነው። የቀሩት ሁለቱ ለኪቦርድና ለመሳሰሉት ናቸው። ስሙን ብቻ አይቶ ገዝቶ የተቃጠለ ጓደኛ አለኝ።

ሚክሰር (የብዙ ማይክ ድምፅ መቀላቀያው) ደግሞ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ያታልላል። የያማሃው ኤምጂ10ኤክስዩ፣ ማይክ ብታበዙበትም በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፕ የሚልከው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ተቀላቅሎ የገባ ተመልሶ አይለያይም። አንዴ የሰርግ ዘፈን ቀድቼ ኪኩ ሁሉን ዋጠው፤ ድራመሩን ከኮምቦልቻ በትራንስፖርቴ መልሼ አመጣሁት። ሰርግ ላይም የምታሠሩት ከሆነ ግን ሚክሰር ሁለት ሥራ ይሠራላችኋል፤ አያስቆጭም።

መብራት ለሚያስቸግረው ሰፈር ሌላ አማራጭ አለ። ዙም ኤች4ኤን ፕሮ የሚባለው በእጅ የሚያዝ መቅጃ ከራሱ ሁለት ማይክ ጋር ሁለት ተጨማሪ ማይክ ይቀበላል፤ አራቱንም ባንዴ ለየብቻ ይቀዳል፣ በሁለት ትንንሽ (ኤኤ) ባትሪ ድንጋይ። ፋንተም (ለአንዳንድ ማይክ በኬብሉ የሚላከውን ኃይል) ካበራችሁ ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል፤ ትርፍ ያዙ።

ባለ ስምንቱን ለጊዜው እርሱት። ስምንት ማይክ፣ ስምንት ኬብል፣ ስምንት መቆሚያ ከየት ይመጣል? በተረፈው ብር ኦሪጅናል ኤስኤም57 የሚባለውን የሹር ማይክ ግዙና ስኔሩ ላይ አድርጉት። ፎርጅዱ ስለሚበዛ፣ ዋጋው በጣም ከረከሰ ጠርጥሩ።

ያገለገለ ሳውንድ ካርድ ከሆነ ላፕቶፕና ማይክ ይዛችሁ ሂዱ። ማይኩን በየቀዳዳው እያዟዟራችሁ ቅዱ፣ ፋንተሙን አብሩ፣ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉ። ሻጩ "እሱማ ይሠራል" ቢላችሁም አራተኛውን ቀዳዳ ሳትሞክሩ ብር እንዳትቆጥሩ።