ፓወርፕረፕ ለጂአርኢ ተፈታኝ፦ ነፃው የሙከራ ፈተና ምን ያህል ይጠቅማል?

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ወደ ውጭ የሚያመለክት ሰው ጂአርኢ (GRE፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ አመልካቾች የሚጠይቁት ፈተና) ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ለሒሳቡ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ግን ቨርባሉ፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ቋንቋው ክፍል ነው፤ ከቨርባሉም አንብቦ መረዳቱ። ፈተናው 220 ዶላር ያስከፍላል፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፣ ጣቢያ ሄዶ ለመቀመጥ ደግሞ አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ መግባት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ከማውጣት በፊት ራስን መመዘን ግድ ነው። ለዚህ የፈተናው ባለቤት ኢቲኤስ በነፃ ያቀረበውን የሙከራ ፈተና፣ ፓወርፕረፕ ኦንላይንን፣ የሚስተካከል የለም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥተነዋል።

አካውንት ሲከፈት ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደል ሳይቀየር ይሞላ። በኋላ ለዋናው ፈተና የሚመዘገቡት በዚያው አካውንት ስለሆነ ስሙ ከፓስፖርቱ ካልገጠመ በፈተናው ቀን ችግር ይመጣል። የሙከራ ፈተናው በብራውዘር ይሠራል፤ በስልክ መሞከር ግን ትርፉ ድካም ነው። ምንባቡ በግራ፣ ጥያቄው በቀኝ ስለሚቀመጥ የላፕቶፕ ስክሪን ያስፈልጋል። ረዘም ያለው ምንባብ ወደ ታች ካልተሳበ መጨረሻው አይታይም፤ ያልታየውን አንቀጽ ሳያነቡ የሚመልሱ አሉ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ልኩ ትክክለኛ መሆኑ ነው። ጂአርኢ ከመስከረም 2016 ዓ.ም ወዲህ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል። ቨርባሉ ሁለት ክፍል አለው፦ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ከዚያ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚገዙት የቆዩ መጻሕፍት ግን 20 ጥያቄ በ30 ደቂቃ እያሉ ያለማምዳሉ። የሁለተኛው ክፍል ክብደት በመጀመሪያው ውጤት ይወሰናል፤ ፓወርፕረፕም እንደዚያው ያደርጋል። ሁለተኛው ክፍል ከበድ ካለ የመጀመሪያው መልካም ሄዷል ማለት ነውና መደናገጥ አያስፈልግም።

የሰዓቱ ስሌት እንዲህ ነው። ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉ አንብቦ መረዳት ነው፤ የቀሩት ባዶ ቦታ በቃል መሙላት ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል ለስድስቱ የቃል ጥያቄዎች ለእያንዳንዳቸው 50 ሰከንድ ቢሰጥ 5 ደቂቃ ይሄዳል፤ ለንባቡ 13 ደቂቃ ይተርፋል። የሚያውቁትን ቃል ለማስታወስ ሁለት ደቂቃ የሚታገል ተፈታኝ ያንን ጊዜ የሚቀንሰው ከምንባቡ ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ምንም ጥያቄ ባዶ አይተው፤ የከበደው ምልክት ተደርጎበት ይታለፍ፣ ክፍሉ ሳይዘጋ ተመልሶ ይታይ።

አማርኛ አፉን የፈታ አንባቢ የሚሰናከልበት ቦታ የታወቀ ነው። «ግብርን ሲቃወሙ የኖሩት ገበሬዎች አዋጁን ተቀብለውታል የሚለው አስተያየት ማስረጃ የለውም አይባልም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። በእኛ ቋንቋ ገላጩ ይቀድማል፣ «አስተያየት» ይከተላል፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ያርፋል። እንግሊዝኛው ይገለብጠዋል፦ «አስተያየቱ» ፊት ይወጣል፣ «ዛት» (that) ይከተላል፣ በውስጡ ደግሞ «ሁ» (who) ብሎ ሌላ ገላጭ ይገባል፣ የዐረፍተ ነገሩ ዋና ግሥ ርቆ ይመጣል። ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚያነብ ሰው «ተቀበሉት» የሚለው ላይ ሲደርስ ዋናው ግሥ መስሎት ያርፋል። ጸሐፊው ገበሬዎቹ አዋጁን ተቀበሉ ያለ ይመስለዋል። ጸሐፊው ያለው ግን አስተያየቱ መጠነኛ ማስረጃ አለው ብቻ ነው። ከአማራጮቹ አንዱ ለዚህ ስሕተት ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

መድኃኒቱ ከ«ዛት»፣ ከ«ሁ» ወይም ከ«ዊች» ጀምሮ ያለውን ገላጭ በጣት ሸፍኖ ባለቤቱንና ዋናውን ግሥ አስቀድሞ ማንበብ፣ ከዚያ ወደ ተሸፈነው መመለስ ነው። በቀን አምስት ረጃጅም ዐረፍተ ነገር እንዲህ ቢፈታ በወር ለውጡ ይታያል። «ሃርድሊ»ን ከ«ሃርድ» ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው፤ «በጭራሽ ለማለት ጥቂት የቀረው» ማለት ነው። «ሃውኤቨር» (however) እና «የት» (yet) ሲመጡ ደግሞ የጸሐፊው የራሱ አቋም ብዙ ጊዜ ከእነሱ በኋላ ያለው ነው።

ሌላም አለ። ጎጃም የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ አገር ነው፤ ቅኔ ቤት ያልገባውም ቢሆን ከሰሙ ሥር ወርቅ መፈለግን ከቤቱ ለምዷል። ይህ ትልቅ ሀብት በዚህ ፈተና ላይ ያሳስታል። ጥያቄው «ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል?» ሲል ወርቁን ሳይሆን ሰሙን ነው የሚፈልገው፤ ትክክለኛው መልስ ጣት ተቀስሮ የሚታይ መስመር አለው። ረቀቅ ያለው፣ እውነትም የሆነው፣ ግን ጽሑፉ ያላለው አማራጭ ስሕተት ነው። በአንጻሩ ቅኔ ቆጣሪ እያንዳንዷን ቃል የሚመረምርበት ትዕግሥት «ሁሉ»፣ «ብቻ»፣ «ሁልጊዜ» የምትል አንዲት ቃል አማራጩን እንዳበላሸችው ለመለየት እጅግ ይረዳል።

የምርጫ ምልክቱን ማየትም ይገባል። ክብ ከሆነ መልሱ አንድ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ሦስት አማራጭ ከቀረበ አንዱ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ከጎደለ ነጥቡ በሙሉ ይቀራል። እዚህ ላይ አማራጮቹን እርስ በርስ ማወዳደር አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ለብቻው «እውነት ወይስ ሐሰት» ተብሎ ይመዘን። አልፎ አልፎም ምንባቡ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር በማውዝ እንዲመረጥ ይጠየቃል።

አንዱ ኮከብ የጎደለው ነፃው ፈተና ትክክለኛውን መልስ እንጂ ምክንያቱን ስለማይነግር ነው። ማብራሪያ ያለው ፓወርፕረፕ ፕላስ ለአንድ ፈተና ወደ 40 ዶላር ይጠጋል። ነፃ የሆኑትም ሁለት ብቻ ናቸው፤ ደግሞ መፈተን ቢቻልም ጥያቄዎቹ ስለሚታወቁ ውጤቱ ያታልላል። ስለዚህ ማብራሪያውን ራስ መሥራት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ጥያቄ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ትክክለኛውን መልስ የሚደግፈው መስመር የቱ ነው፤ የተመረጠው አማራጭ በየትኛዋ ቃል ምክንያት ወደቀ፤ ስሕተቱ የመጣው ከቃል፣ ከዐረፍተ ነገር አወቃቀር፣ ያልተጻፈ ከመጨመር ወይስ ከሰዓት። የ27 ጥያቄ እርማት ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህን ያላደረገ ሰው ከፈተናው ያገኘው ቁጥር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ከአራት ሳምንት ዝግጅት በኋላ፣ ሁለተኛው ከዋናው ቀን አሥር ቀን ቀደም ብሎ ቢወሰድ ጥሩ ነው። መብራትና ኔትወርክ የማያስተማምን ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ የስልክ ሆትስፖት ተዘጋጅቶ፣ ማለዳ መጀመር ይሻላል። ዋናውን ፈተና ከቤት ሆኖ ለመውሰድ ያሰበ ደግሞ አንድ ነገር ከአሁኑ ይልመድ፦ እዚያ ተራ ወረቀት አይፈቀድም፤ ማስታወሻ የሚያዘው በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ወይም በላስቲክ ሽፋን ላይ በሚጠፋ ማርከር ነው። ሙከራውም በዚያው ይሁን፤ በማርከር ሲጻፍ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ለአንድ አንቀጽ ከሦስት አራት ቃል በላይ ማስታወሻ አይያዝም።